«ተገዙ» ሲባል እስከ የት ድረስ ነው?

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ አንድ ቃል ላይ ተሰብስበዋል፤ መገዛት። አንዷ ስለ አለቃዋ፣ ሌላዋ ስለ ባሏ፣ አንዱ ስለ ፓስተሩ ጽፈውልኛል። አንድ ወጣት ደግሞ ማዘጋጃ ቤት አካባቢ ታክሲ ሲጠብቅ የመጣበትን ሐሳብ ላከልኝ። ከሱ ልጀምር።

«ሮሜ 13 ነፍስ ሁሉ ለባለ ሥልጣኖች ይገዛ ይላል። ታዲያ አቡነ ጴጥሮስ ጣልያንን አልቀበልም ሲሉ ቃሉን ጥሰዋል ማለት ነው? ሐውልታቸውን ባየሁ ቁጥር ይከነክነኛል።» (ከፒያሳ)

ብዙዎቻችን ሐውልቱን የመንገድ ምልክት አድርገነዋል። ለባቡሩ ሥራ ተነሥቶ በነበረ ጊዜ ነው ባዶ ቦታውን አይተን ያስታወስነው። አንተ ግን ቆመህ አሰብክ፤ ጥሩ ነው።

ጣልያኖች አቡኑን ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ላይ በጥይት ገደሏቸው። የተፈለገባቸው ወረራውን እንዲቀበሉ፣ ሕዝቡም እንዲገዛ እንዲመክሩ ነበር። እሳቸው ሕዝቡም ምድሪቱም ለፋሽስት እንዳይገዙ ገዘቱ። «ተገዛ» እና «ገዘተ» ለጆሮ እንዴት እንደሚቀራረቡ አየህ? በዚያ ቀን ግን በመሀላቸው የአንድ ሰው ሕይወት ነበር።

ጳውሎስ የሮሜን መልእክት ሲጽፍ ሮም ላይ የነገሠው ኔሮን ነው። ስለዚህ ደግ መንግሥት አይቶ የጻፈው አይደለም። ግን እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ባለ ሥልጣኑን «የእግዚአብሔር አገልጋይ» ይለዋል። አገልጋይ ደግሞ በላዩ ጌታ አለው። አገልጋዩ ጌታው የከለከለውን ሲያዝህ የምትሰማው ጌታውን ነው። ሐዋርያት እንዳያስተምሩ ሲከለከሉ በሸንጎ ፊት «ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባል» ያሉት ለዚህ ነው (ሐዋ. 5፥29)። ተገርፈው ሲወጡ ሸንጎውን አልተሳደቡም፤ ማስተማራቸውንም አላቆሙም። እኔ እንደሚገባኝ መታዘዝና መገዛት አንድ አይደሉም። ትእዛዙን እምቢ ብለህ ሥርዓቱን ልታከብር ትችላለህ። በመሣሪያ የገባ ወራሪ «በበላይ ያለ ባለ ሥልጣን» ይባላል ወይ የሚለው ደግሞ ራሱን የቻለ ክርክር ነው። እኔ አይባልም ባይ ነኝ።

«አለቃዬ ሰነድ ላይ ቀኑን ወደ ኋላ መልሼ እንድፈርም ያዘኛል። ‹ለጌቶቻችሁ ታዘዙ ይል የለ መጽሐፍሽ› እያለ ያሾፍብኛል። እንጀራዬ ነው፤ ልጅ አሳድጋለሁ።» (ከካዛንቺስ)

አትፈርሚ፣ እህቴ። እንዴት እንደማትፈርሚ ግን እናውራ።

ዳንኤል የንጉሡን መብል አልበላም ሲል ገበታ አልገለበጠም። ኃላፊውን ለመነ፤ ኋላም ለአሳላፊው «ዐሥር ቀን ፈትነን» አለው (ዳን. 1)። እምቢታው አማራጭ ይዞ መጣ። አንቺም «ጋሼ፣ የዛሬን ቀን ልጻፍና የዘገየበትን ምክንያት በማስታወሻ ላያይዝ» በይው። አለቃ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው መውጫ ቀዳዳ ነው። ከገፋበት ትእዛዙን በጽሑፍ ጠይቂው፤ ቀልዱ ያኔ ያልቃል። የማያልቅበት አለቃም አለ፤ አልዋሽሽም።

እኔ በወጣትነቴ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት ቀርቦልኝ ፈርሜያለሁ። ኦዲተሮች ሲመጡ ያ አለቃዬ ፊቴን እንኳ አላወቀውም። ስለዚህ የምመክርሽ ዳንኤል ሆኜ አይደለም።

«ግብሩ በዛ። ያለ ደረሰኝ ብሸጥ ኃጢአት ነው?» (ባለ ሱቅ፣ ፒያሳ)

አዎ። ሮሜ 13፥7 ግብር ለሚገባው ግብርን ስጡ ይላል። በዛብኝ ካልክ ቅሬታ አቅርብ፤ ደረሰኙን ግን ቁረጥ።

«ባለቤቴ ደመወዜን ተቀብሎ የታክሲ ብቻ ይሰጠኛል። ለምን ስለው ኤፌሶን 5፥22ን ያነብልኛል። ሁለት ጊዜ መትቶኛል። ሽማግሌዎቹ ‹ቻዪው› አሉኝ።» (ከአራት ኪሎ)

ባለቤትሽ ማንበብ የጀመረው ሚስቶች ለባሎቻችሁ ተገዙ ከሚለው ከቁጥር 22 ነው። ቁጥር 21 እርስ በርሳችሁ ተገዙ ይላል። ቁጥር 25 ደግሞ ባል ሚስቱን ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እንደ ወደዳት ይውደድ፤ እሱ ራሱን ስለ እርስዋ ሰጥቷልና ይላል። ራሱን ሰጠ እንጂ ደመወዟን አልተቀበለም።

ደግሞ ልብ በይ። ጳውሎስ «ተገዙ» የሚለው ለሚስቶቹ ነው። ለባል «አስገዛት» የሚል ቃል እዚያ ምዕራፍ ውስጥ የለም። በአማርኛችን «ገዛ» በግ መግዛትም ነው፤ አገር መግዛትም ነው። አንዳንዱ ባል ሽማግሌ የላከው ለየትኛው እንደሆነ ይጠፋዋል።

ወደ ዱላው ልምጣ። ዳዊት ንጉሡን ሳኦልን «እግዚአብሔር የቀባው» እያለ ያከብረው ነበር። የልብሱን ጫፍ በመቁረጡ እንኳ ልቡ ወቅሶታል። ሳኦል ጦር ሲወረውርበት ግን «ልቻለው» ብሎ ግድግዳው ሥር አልቆመም። ጦሩ ግድግዳው ላይ ተተከለ፤ ዳዊት በዚያች ሌሊት ሸሽቶ አመለጠ (1 ሳሙ. 19)። አንቺም እጁን ካነሣ እህትሽ ቤት፣ እናትሽ ቤት፣ የምታምኚው ሰው ቤት ሂጂ። ፖሊስ ጋ ማመልከትም ኃጢአት አይደለም። ጳውሎስ ራሱ ሲበደል ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። ሮሜ 13 ክፉ አድራጊን ስለሚቀጣ ሥልጣን ይናገራል፤ ባለቤትሽ ይህን ምዕራፍ ያነበበልሽ አይመስለኝም። ለሽማግሌዎቹም ከኔ ይልቅ አንቺ ብታነቢላቸው ይሻላል።

«ፓስተራችን ሳላስፈቅደው ሥራ እንዳልቀይር ዕብራውያን 13፥17ን ጠቅሶ ነገረኝ።» (ከአምስት ኪሎ)

ጥቅሱ ለዋኖቻችሁ፣ ማለትም ለመሪዎቻችሁ፣ ታዘዙና ተገዙ፤ ስለ ነፍሳችሁ ይተጋሉና ይላል። ስለ ነፍስህ ነው፤ ስለ ቅጥር ደብዳቤህ አይደለም። ጴጥሮስም ሽማግሌዎችን መንጋውን በኃይል እንዳይገዙ ከልክሏል (1 ጴጥ. 5፥3)። የንስሐ አባት ያላችሁም ይህን ያዙልኝ። ምክሩን ግን በደንብ ስማው፤ ለምን እንዳለህም ጠይቀው። አዲሱ ሥራ እሑድ እሑድ የሚያስገባህ ከሆነ፣ ፓስተርህ ያየው ነገር አለ ማለት ነው። እሱን ደግሞ ለኔ አልጻፍክልኝም።