መልስ፦ ብስክሌቱን በነፃ እናድል ወይስ ጥገና እያስተማርን?

ሰላም ወንድሜ፤ ባሕር ዳር ላይ ለሰፈር ልጆች ያሰባሰባችሁትን አሮጌ ብስክሌት በነፃ እናድል ወይስ ጥገና እያስተማርን እንስጥ ብለህ ለጠየቅኸው፣ እኔ ያለ ምንም ማመንታት ማስተማሩን እላለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተውና መቀመጫው አሜሪካ፣ ቦስተን ከተማ የሆነው ባይክስ ኖት ቦምብስ የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት መጀመሪያ አሮጌ ብስክሌት እየሰበሰበ ወደ ኒካራጓ ይልክ ነበር። በኋላ ለከተማው ወጣቶችም ሥልጠና ጀመረ፤ ልጁ አሮጌ ብስክሌት ጠግኖ ሲጨርስ ብስክሌቱ የራሱ ይሆናል። ዝም ብሎ የታደለ ብስክሌት ግን ሰንሰለቱ የተበጠሰ ቀን ይቆማል፤ ቤተሰቡ ለጥገና የሚከፍለው የለውማ።

አንድ ነገር አደራ፦ መፍቻውን ከልጁ እጅ አትውሰዱ። አስተማሪው "ቆይ እኔ ላሳይህ" ብሎ ራሱ ከሠራው ልጁ ምንም አልተማረም። ከመነዳሪውን ራሱ ያውጣ፣ ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋው ከየት እንደሚወጣ ይመልከት፣ ቀዳዳውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ይለጥፍ። በሴቶች ልጆች ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ወንዶቹ እንርዳሽ እያሉ መሣሪያውን ይቀበሏቸዋል። በሌላው ዓለም ብዙ የማኅበረሰብ ብስክሌት ጋራዦች ለሴቶች የተለየ ቀን የሚመድቡት ለዚህ ነው። እናንተም ቅዳሜ ጠዋትን ለእነሱ ስጡ፤ አስተማሪዋም ሴት ብትሆን በጣም ደስ ይለኛል።