ኮዱ ተመልሶ ለመጣባችሁ ወጣት ኤሌክትሪሺያኖች

ባለፈው አንድ ልጅ ጠየቀኝ። ሙያውን ገና መጀመሩ ነው። “ጋሼ፣ ስካነሩ የኋላ ግራ መብራት ይላል። አምፖሉን ቀየርኩት፣ ኮዱ ተመልሶ መጣ። አሁን ሞጁሉን ልቀይረው?” ስካነር የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ ነው፤ ኮድ ኮምፒውተሩ የሚመዘግበው የብልሽት ምልክት፣ ሞጁል ደግሞ መብራቱን የሚያዘው ትንሽ ኮምፒውተር ነው። አጭሩ መልስ “አትቀይረው” ነው። ግን ጥያቄው የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝና ረዘም አድርጌ ልጻፍላችሁ አልኩ።

ሙያውን ያስተማረኝ ሰው ሴቼንቶና ቮልስ ላይ ያደገ ነው። ፔጆ 404 ከሆነማ የገመዱን ቀለም ሁሉ በቃሉ ያውቃል። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንለው። ኤሌክትሪክ መኖሩን የሚሞክርባት ቴስተሩ ከአንድ አምፖልና ከሁለት ሽቦ ራሱ የሠራት ነበረች፣ ኪሱ ውስጥ አትጠፋም። “መብራት ሲያብድ መጀመሪያ ማሳውን እይ” ይለን ነበር። ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ነጌቲቭ የሚመለስበትን የመኪናውን ቆርቆሮ ማለቱ ነው። እኛ ግን ሁልጊዜ የምናየው የሚመጣውን መስመር ነው፤ የሚመለሰው ትዝ አይለንም።

በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ አንዲት የአውሮፓ መኪና ጋራዣችን ገባች። ከኋላ ተገጭታ ሌላ ቦታ ላሜራና ቀለም ተሠርቶላታል። ቀለሙ ሲያምር! ፍሬን ሲረገጥ ግን የግራው የፍሬን መብራት አይበራም። በምትኩ እዚያው ያለው የፓርኪንግ መብራት ደከም ብሎ ይቀላል፣ የታርጋዋ መብራት ደግሞ ማንም ሳያበራት ጭል ጭል ትላለች። ዳሽቦርዱ ላይ “አምፖል ተቃጥሏል” የሚለው ምልክት በርቷል።

የጋራዡ ባለቤት ያኔ ስካነር አስመጥቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ትልቅ ነገር ነው፣ ከሌላ ጋራዥ ሰው ሊያየው ይመጣል። ሰካው፣ ኮዱ ወጣ፣ የኋላ ግራ መብራት አለ። አምፖል ተቀየረ። ኮዱ ተመለሰ። መብራቱ ከነቤቱ ተቀየረ። ተመለሰ። ጋሼ ቴስተሩን ይዞ ጠጋ ሲል ባለቤቱ “ጋሼ፣ ይቺ ኮምፒውተር ናት፣ በቴስተር አትነካም” አለው። በሰው ፊት ነው ያለው። ጋሼ ምንም አልመለሰም፣ ቴስተሩን ኪሱ ከተተና ሄደ።

እውነቱን ለመናገር ባለቤቱ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። አምፖል ያላት ቴስተር ኤሌክትሪክ ትስባለች፣ የማይሆን መስመር ላይ ብትገባ ሞጁል ልታበላሽ ትችላለች። እናንተም ኮምፒውተር ያለበት መኪና ላይ ቮልቱን በቁጥር በሚያሳየው መለኪያ፣ በመልቲሜትር ሥሩ። ግን ሰውየው እንዲያይ እንኳን አልተፈቀደለትም። የማሳ ብሎን ለማየት ምን ኮምፒውተር ያስፈልጋል?

ሞጁሉ ይቀየር ተባለ። ሶማሌ ተራ ተፈልጎ ታጣ፣ በሰው በኩል ከዱባይ አሮጌ መጣ። ሲገጠም ደግሞ መኪናዋ አላወቀችውም። የሌላ መኪና ሞጁል በአዲሱ መኪና ሻንሲ ቁጥር ካልተመዘገበ፣ ማለትም ኮድ ካልተደረገ፣ ዝም ብሎ አይሠራም። ለእሱም ሌላ ገንዘብ ተከፈለ። በመጨረሻ ኮድ ተደርጎ ሲሞከር የታርጋዋ መብራት እንደ ድሮዋ ጭል አለች። ጋሼ ግን ያኔ የለም። ለፋሲካ እንደወጣ አልተመለሰም፣ ዕቃውንም ለአንድ መካኒክ ሸጦት ነበር።

አንድ ቀን ሰው ከወጣ በኋላ ረዳቱን ፍሬን እንዲረግጥልኝ አድርጌ መልቲሜትሩን ያዝኩ። አንዱን ጫፍ ባትሪው ነጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የግራው መብራት ነጌቲቭ ላይ። እዚህ ቦታ ማየት ያለባችሁ ዜሮን የተጠጋ ቁጥር ነው፣ 0.1 ወይም ቢበዛ 0.2 ቮልት። እኔ ያየሁት 10 ቮልት ገደማ ነው። በፊት ያንኑ መስመር በመልቲሜትሩ ጢጥታ፣ መስመር ሲገናኝ በሚጮኸው፣ ሞክረነው ጢጥ ብሎ ነበር፣ ደህና ነው ብለን አልፈነዋል። መልቲሜትሩ ሲጮህ የሚልከው ኤሌክትሪክ ኢምንት ነው። የ21 ዋት የፍሬን አምፖል ወደ 1.75 አምፒር ይፈልጋል። አንድ ጥግ ላይ ብቻ የነካ ብሎን ጢጥታውን ያሳልፋል፣ አምፖሉን ግን አይሸከምም። ስለዚህ መስመር ስትለኩ አምፖሉ ተሰክቶ፣ መብራቱ ታዞ፣ ጭነት ላይ ሆኖ ይሁን።

የኋላውን ዕቃ መጫኛ ምንጣፍ አነሳሁ። የማሳው ብሎን ከነገመዱ ያለው በዚያ በሚያምረው ቀለም ላይ ነው። ቀለም የቀባው ሰው ቆርቆሮውን ሳይፍቅ አሰረው። በብርጭቆ ወረቀት ፈቅሁት፣ መልሼ አጠበቅሁት፣ ሁሉም በራ።

ለጋሼ ልነግረው ቤቱ ሄድኩ። ደስ ይለዋል፣ ይመለሳልም ብዬ ነበር። እስክጨርስ ሰማኝና “ቁጥሩን ያየኸው ፍሬን ተረግጦ ነው?” አለኝ። አዎ አልኩት። ከዚያ እኔ ያልገባኝን አስረዳኝ። አምፖሉ ሁለት ክር አለው፣ የፍሬንና የፓርኪንግ፣ ማሳቸው አንድ ነው። ማሳው ሲዘጋ የፍሬኑ ኤሌክትሪክ በፓርኪንጉ ክር ወደ ኋላ ይወጣና በፓርኪንግ መስመር ሄዶ በታርጋዋ መብራት በኩል ደህና ማሳ ያገኛል። ለዚህ ነው ሳትታዘዝ የበራችው። ኮምፒውተሩም አልዋሸም፤ የጠበቀው ኤሌክትሪክ አልሄደለትም፣ እና አምፖል የለም ብሎ ገመተ። ይሄን ሁሉ ከነገረኝ በኋላ “እኔ እኮ የታርጋዋን መብራት የመጀመሪያው ቀን አይቻታለሁ” አለ።

አልተመለሰም። አሁን በሕይወት የለም። የዚያን ቀን አንድ ሰው “ጋሼ፣ አንተ ምን ይመስልሃል?” ብሎት ቢሆን ኖሮ ስንት ልጅ ከእሱ ይማር ነበር እያልኩ እስካሁን ይቆጨኛል። የመኪናዋም ባለቤት ያሳዝነኛል። ደሴ የሚመላለስ ሰው ነበር። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ፊት ያለውን መኪና የምታውቀው በኋላ መብራቱ ብቻ ነው። ያን መንገድ በአንድ የፍሬን መብራት ነበር የሚሄደው።

ፊውዝና አምፖል እዩ ብዬ ጊዜያችሁን አልወስድም። የዘመኑን መኪና ከድሮው የሚለየው የመብራቱ ማብሪያ ቁልፍ ነው። ድሮ ቁልፉ ራሱ ኤሌክትሪኩን ያሳልፍ ነበር። አሁን ቁልፉ እንደ ባለጉዳይ ማመልከቻ ያስገባል እንጂ ውሳኔው የሞጁሉ ነው። ስለዚህ ስካነር ካላችሁ ኮዱ ላይ አትቁሙ። የቀጥታ ዳታውን፣ ኮምፒውተሩ በዚያች ሰዓት የሚያየውን፣ ክፈቱና ፍሬን ርገጡ። የፍሬን ቁልፉ “ተረግጧል” ካላለ ችግሩ መብራቱ ጋር አልደረሰም፣ ፔዳሉ ሥር ነው። ብዙ አውቶማቲክ መኪና ላይ ደግሞ ያኔ ማርሹ ከፒ አይወጣም፣ ምልክት ይሁናችሁ። የቁልፉ ጥያቄ ሞጁሉ ጋ ከደረሰ በስካነሩ መብራቱን ራሳችሁ እዘዙት። በትእዛዝ ከበራ መስመሩ ደህና ነው። ካልበራ ውረዱና ለኩ። ስትለኩ 12 መሆን ያለበት 6 ወይም 7 ቢሆን ቶሎ አትደንግጡ። ብዙ ሞጁል ብርሃን የሚቀንሰው ቶሎ ቶሎ እያበራና እያጠፋ ነው፣ መልቲሜትሩ አማካዩን ነው የሚያሳያችሁ።

ለመለካት ብላችሁ ሽቦ አትብሱ። ክረምት ሲመጣ በዚያች ቀዳዳ ውሃ ገብቶ መዳቡን ይበላዋል፣ መኪናው በዓመቱ ተመልሶ ሲመጣ ማን እንደበሳው አታስታውሱም። ቪትስና የመሳሰሉት ላይ የኋላው በር ማጠፊያ ጋ ያለውን የላስቲክ ቱቦ ሳታዩ አትለፉ። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ገመዱ ይታጠፋል፣ ላስቲኩ ደህና መስሎ ውስጡ ይበጠሳል። ኤልኢዲ አምፖል ገዝተው መጥተው ፍሬቻው ለምን ይፈጥናል ለሚሉም እውነቱን ንገሯቸው፤ ኤልኢዲው የሚስበው ትንሽ ስለሆነ መኪናው አምፖል የተቃጠለ መስሎት ነው።

የዛሬ ልጆች ትቸኩላላችሁ። ቪዲዮ አይታችሁ ዕቃ ትቀይራላችሁ፣ ዕቃው የሚገዛው በደንበኛው ገንዘብ መሆኑ አይታያችሁም። ይሄን ብዬ ደግሞ እኔ ጋ የምትሠራ አንዲት ልጅ አለች፣ የገመዱን ሥዕል ላፕቶፕ ላይ አውጥታ ማሳው የት እንደታሰረ እኔ ካቻቢቴ ሳላነሳ ትነግረኛለች። ጋሼ ቢያያት እንዴት ይወዳት ነበር። ስለዚህ ቸኳይ ያልኩት ለሁላችሁም አይደለም።

ስካነሩ ራሱ ከሞጁሎቹ ጋር አልነጋገር ካለ የመገናኛ መስመሩን እዩ። ካን የሚባለውን መስመር የጀርመኑ ኩባንያ ቦሽ ያስተዋወቀው በ1986 በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፣ ዛሬ የሌለበት መኪና ብርቅ ነው። የባትሪውን ገመድ ፍቱና ስካነር የሚሰካበት ቦታ 6 እና 14 ቁጥር ላይ ኦም ለኩ። ብዙ መኪና ላይ 60 ገደማ ታገኛላችሁ። 120 ካሳየ በመስመሩ ሁለት ጫፎች ካሉት ሬዚስተሮች አንዱ ተቋርጧል።

በ2016፣ በእኛ አቆጣጠር፣ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪና ሲመጣባችሁ የምትፈሩ አላችሁ። ከፍተኛ ቮልት የሚሄድበትን ብርቱካናማ ገመድ ፍሩ፣ ሥልጠና ሳትወስዱ አትንኩት። የፊትና የኋላ መብራቱ ግን የሚሠራው በ12 ቮልት ነው፣ ለዚያ የራሱ ትንሽ ባትሪ አለው። ሁለት ሦስት የማይገናኝ ኮድ አንድ ላይ ከወጣ ምንም ከመፍታታችሁ በፊት እሷን ባትሪ ለኩ። ሳይነሳ 12 ቮልት ካልሞላች ቻርጅ አድርጓት፣ ኮዱን አጥፉና እንደገና አንብቡ።