የኦንታርዮ ሊበራልና የፌዴራሉ ሊበራል አንድ ናቸው?

«የካናዳዋ ክፍለ ሀገር (ፕሮቪንስ) የኦንታርዮ ሊበራልና የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር የነትሩዶ የፌዴራል ሊበራል አንድ ፓርቲ ነው ወይ?» ላልከው፣ አይደለም ወንድሜ። ስማቸውና ቀይ ቀለማቸው ያሳስታል እንጂ ከ1976 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ድርጅታቸው ለየብቻ ነው። መሪም ለየራሳቸው ይመርጣሉ።

የኦንታርዮዎቹ ሊበራሎች ድሮ ኃይለኞች ነበሩ። ኦሊቨር ሞዋት ብቻውን ከ1872 እስከ 1896 ፕሮቪንሱን መርቷል፤ 24 ዓመት መሆኑ ነው! ከ1943 በኋላ ግን ተቀናቃኞቻቸው ኮንሰርቫቲቮቹ 42 ዓመት በሩን ዘጉባቸው። በ1985 ዴቪድ ፒተርሰን ከፈተው፣ ያውም በሌላው ፓርቲ በኤንዲፒ (ኒው ዴሞክራቲክ ፓርቲ) ድጋፍ።

በ2003 ዳልተን ማክጊንቲ፣ በ2013 ደግሞ ካትሊን ዊን ሥልጣን ያዙ። ዊን የኦንታርዮ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሪሚየር (የፕሮቪንሱ መንግሥት መሪ) ናት። በ2018 ግን ከ124 የኦንታርዮ ፓርላማ መቀመጫ 7 ብቻ ቀራቸው። የመብራት ሂሳቡ ሰውን አንገሽግሾት ነበር። በ2025 በቦኒ ክሮምቢ መሪነት 14 አገኙ፤ እሷ ግን ራሷ ወንበር አጣች።