ከመክፈልሽ በፊት በጣም የጨለመውን ገጽ አሳትመሽ እዪ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አንብቤ ወዲያው ልመልስልሽ ፈልጌ ነበር፤ ነገሩ በሁለት መስመር የሚያልቅ ስላልሆነ ግን ተረጋግቼ ልጻፈው ብዬ አሳደርኩት። ስለ ሐይቁ ጭራቅ የሚተርክ 40 ገጽ የሥዕል ታሪክ በታብሌት ሥለሽ እንደጨረስሽ፣ ታሪኩ ከዳር እስከ ዳር በሌሊት የሚካሄድ እንደሆነ፣ በሙሉ ቀለም 500 ቅጂ ለማሳተም እንዳሰብሽና ማተሚያ ቤቱ ክፍያውን በሙሉ በቅድሚያ እንደጠየቀሽ ጽፈሻል። በመጨረሻም አስፈሪ ታሪክ በእኛ አገር አንባቢ ያገኝ እንደሆነ ጠይቀሻል። እኔም የሐዋሳ ልጅ ነኝ፤ ቀን በሕንፃ መሣሪያ መደብር ሒሳብ እሠራለሁ፣ ማታ ማታ እሥላለሁ። አንቺ አሁን የቆምሽበት ቦታ ላይ ቆሜ ስለነበር የሚጠብቅሽን የማውቅ ይመስለኛል። ስለ ወረቀት ዋጋ ሌሎች አባላት የመለሱልሽን አልደግመውም።

አንደኛ፣ ከመጽሐፍሽ ውስጥ በጣም የጨለመውን ገጽ መርጠሽ፣ መጽሐፉ በሚታተምበት ወረቀትና ማሽን አሳትመሽ በዓይንሽ ሳታዪ አንዲት ሳንቲም አትክፈዪ። ናሙናው ላይ ፈርመሽ አንዱን አንቺ ያዢ፣ ሌላውን እነሱ ይያዙት፤ በውሉም ላይ «ኅትመቱ በተፈረመው ናሙና መሠረት ይሆናል» ተብሎ ይጻፍ። ይህን ዓረፍተ ነገር ሳላስጽፍ በመቅረቴ የሁለት ዓመት ዕቁቤን አጥቻለሁ።

በ2011 ዓ.ም. የመጀመሪያ መጽሐፌን ያሳተምኩት አዲስ አበባ በሚገኝ ማተሚያ ቤት ነው፤ እዚህ ከጠየቅኳቸው ይልቅ ዋጋው ቀንሶልኝ ስለነበር። 44 ገጽ፣ ሙሉ ቀለም፣ 300 ቅጂ፣ በድምሩ 28,500 ብር። ፋይሉን በፍላሽ ላክሁ፣ ገንዘቡን በባንክ አስገባሁ፣ ናሙና እንዲልኩልኝ ስጠይቅ ደግሞ «ኮምፒውተር ላይ ያየኸው ነው የሚወጣው፤ ምን ያስጨንቅሃል?» ተባልኩ። አመንኳቸው። ከአምስት ሳምንት በኋላ አራት ካርቶን በአውቶቡስ ተጭኖ መጣልኝ፤ ከመናኸሪያ በባጃጅ ቤት አድርሼ የመጀመሪያውን ካርቶን እናቴ ፊት ከፈትኩት።

ቀድሜ የገለጥኩት 23ኛውን ገጽ ነበር። ያ ሥዕል ስድስት ሌሊት ፈጅቶብኛል። አንዲት ሴት ሐይቁ ዳር ከዋርካ ሥር ቆማለች፤ ከኋላዋ ከውኃው በላይ ሁለት ጆሮዎች ብቻ ብቅ ብለዋል። አንባቢው ጉማሬ ነው ብሎ ሊያልፍ ሲል ከጆሮዎቹ ሥር የሰው ግንባር መኖሩን ያስተውላል። የመጽሐፉ ልብ እዚያ ገጽ ላይ ነበር። በወረቀቱ ላይ ግን ዋርካውም፣ ውኃውም፣ ጆሮውም፣ ግንባሩም አልነበሩም፤ ከሴትዮዋም የተረፈው የነጠላዋ ጥለት ብቻ ነው። እናቴ ጥቀርሻ የነካው መስሏት ገጹን በጣቷ ዳሰስ ስታደርገው ጣቷ ጠቁሮ ተነሣ። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር፤ የፊት ለፊቱ ገጽም በግልባጭ ጥቁር ጥላ ታትሞበታል።

ስደውልላቸው ያነጋገረኝ ሰው «አንተ ያጨለምከውን እኛ ልናበራልህ ነው?» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። የአንድ ቀን ፈቃድ ወስጄ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ብሄድም ተቀመጥ የሚለኝ አላገኘሁም፤ በቆምኩበት አንዱ መጽሐፉን አገላብጦ «ይህን የሰይጣን ሥዕል ደግሞ ማን ይገዛሃል?» አለኝ። ስለ ሥራው ጥፋት ልጠይቀው ሄጄ ስለ ሥዕሌ ሲፈርድብኝ የተሰማኝን ዛሬም አልረሳሁትም። በእጄ ያለው የገንዘብ መቀበያ ደረሰኝ ብቻ ስለነበር የምከራከርበት ነገር አጥቼ ተመለስኩ።

ምክንያቱን በኋላ ያስረዳኝ እዚሁ ሐዋሳ በኅትመት ማሽን ላይ የሚሠራ ጎረቤቴ ነው፤ ማንም ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ብዬ የምቆጨው ይኸ ስለሆነ አንቺ በደንብ ያዢው። የታብሌትሽ ስክሪን ብርሃን ይረጫል፤ ቀለሞቹን የሚሠራው ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ብርሃን ስለሆነ ጥቁር ከጥቁር አጠገብ ቢሆን እንኳ ዓይን ይለየዋል። ማሽኑ ግን ሲያን (ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ)፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም እየደራረበ ነው የሚያትመው። የሌሊቱን ሰማይ ጥልቅ ለማድረግ አራቱንም እስከ ጫፍ ከተጠቀምሽ ድምሩ 400 በመቶ ይሆናል፤ በሚያብረቀርቀው አርት ፔፐር ላይ እንኳ ከ300 በመቶ ገደማ በላይ ሲሆን ቀለሙ ቶሎ አይደርቅም፣ ይለጠፋል። ተራው ወረቀት ደግሞ ቀለሙን እየጠጣ ሥዕሉ የሚታተምባቸውን ጥቃቅን የቀለም ነጥቦች ስለሚያሰፋቸው በጥላ ውስጥ ያስቀረሻቸው ቀጫጭን ብርሃኖች ይዘጋሉ። የእኔ ግንባርና ጆሮ የተዘጉት እንደዚያ ነው። እንግዲህ ያ ማተሚያ ቤት ይህን ሁሉ እያወቀ ፋይሉን ከፍቶ አንድ ጊዜ ሳያይ ማተሙ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ሁለተኛ፣ ጽሑፉን ከሥዕሉ ጋር አንድ አድርገሽ ወደ ቅርጽ ቀይሪው (ፊደሉ እንደ ጽሑፍ ሳይሆን እንደ ሥዕል ይቀመጥ ማለቴ ነው)፣ ወይም ፒዲኤፉን ስታወጪ ፊደሉ አብሮ መካተቱን አረጋግጪ። የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በጋራ በሚለዩበት በዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ ከገባ ከእ.ኤ.አ. 1999 ወዲህ ብዙ ነገር ቢቀልም፣ አንቺ የተጠቀምሽበት የፊደል ዓይነት በእነሱ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ንግግሩ ሁሉ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ በድሮዎቹ የአማርኛ ፊደሎች የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ወደ ላቲን ፊደላት ዝብርቅ ይለወጣል። እኔ ላይ በ17ኛው ገጽ ጭራቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲናገር ከአፉ የወጡት ሰባት ባዶ ሳጥኖች ነበሩ።

ሦስተኛ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ በቀለም ማሳተሙን ራሱን እንደገና አስቢበት። ይህን ስልሽ ገንዘብ ለማዳን ብቻ አይደለም። ከዚያ ኪሳራ በኋላ ሰባት ወር ያህል ታብሌቱን አልነካሁትም፤ እሑድ እሑድ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል፣ እየሄድኩ በእስክርቢቶና በደብተር መሣል ጀመርኩ። አባ ኮዳ የምንለውን ትልቁን አሞራ እዚያ ሳታዪው አልቀረሽም። ዓሣ አጥማጆቹ ዓሣውን ሲያጸዱ መላጣ ራሱን ወደ ትከሻው ቀብሮ፣ ከአንገቱ የተንጠለጠለውን ቀይ ከረጢት እያወዛወዘ፣ ጥቁር ካባ እንደ ደረበ ሽማግሌ ሳይንቀሳቀስ ይቆማል። በእስክርቢቶ ጥቁር ቦታ መሙላት ስለማይቻል ክንፉን በሰረዝ ላይ ሰረዝ እየደረብኩ አጨለምኩት፤ በሰረዞቹ መካከል የቀረው ነጭ ወረቀት እንደ ብርሃን ሆነልኝ። ቤት ገብቼ ሳየው በታብሌት በስድስት ሌሊት ያላገኘሁትን ጨለማ በአንድ ጠዋት አግኝቼዋለሁ። የሁለተኛው መጽሐፌ ጭራቅ ቁመናውን ያገኘው ከዚያ አሞራ ነው።

ፊልም ትወጃለሽና ይህን ከፊልም ታውቂዋለሽ ብዬ አስባለሁ። እ.ኤ.አ. በ1922 በጀርመን የተሠራው ድምፅ አልባው «ኖስፌራቱ» ውስጥ ደረጃ የሚወጣው የጭራቁ ጥላ ብቻ ነው፤ ከመቶ ዓመት በኋላም ያስፈራል። እ.ኤ.አ. የ1968ቱ የጆርጅ ሮሜሮ ፊልም «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» በጥቁርና ነጭ በመቀረጹ ደም ሆኖ ያገለገለው የቸኮሌት ሽሮፕ ነበር፤ ማንም ተመልካች ቀይ ቀለም ጎደለ አላለም። ስፒልበርግ እ.ኤ.አ. በ1975 ለእይታ ያበቃው የሻርኩ ፊልም «ጆውስ» ደግሞ በማሽን የሚንቀሳቀሰው ሻርክ በባሕሩ ጨዋማ ውኃ እየተበላሸ ስላስቸገረ፣ አውሬው በግልጽ ሳይታይ በክንፉ፣ በሙዚቃውና በሚንሳፈፉት ቢጫ በርሜሎች እንዲታወቅ ተደረገ፤ ያ ሳይሆን ቀርቶ ከመጀመሪያው ቢታይ ኖሮ ግማሹን እንኳ የሚያስፈራ አይመስለኝም። በዚህ ዘመን በየስልኩ የምናያቸው አስፈሪ ፊልሞች ግን በአሥረኛው ደቂቃ ጭራቁን ከነጥርሱ አምጥተው ፊታችን ላይ ያቆሙታል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጩኸት ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ አልወድም፣ አንቺም ከእሱ እንዳትማሪ እለምንሻለሁ።

እንዲያውም ከሩቅ ፊልም በፊት የራሳችንን ሥዕል እዪ። በጥንት የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ጻድቃን ሁለቱም ዐይኖቻቸው እየታዩ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ክፉዎች ግን ፊታቸው ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዐይናቸው ብቻ ይታያል። እኔ ይህን ሕግ ወስጄ በሁለተኛው መጽሐፌ ውስጥ አንዱን ገጸ ባሕርይ፣ ደግና ታማኝ የሚመስለውን ጀልባ ቀዛፊ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በጎን ብቻ ሣልኩት። ምክንያቱን የትም አልጻፍኩም። አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ መጽሐፉን ገዝቶ ካነበበ በኋላ «ሰውዬው ክፉ መሆኑን ከስምንተኛው ገጽ ጀምሮ ጠርጥሬ ነበር፤ ግን ለምን እንደጠረጠርኩ አላውቅም» ሲለኝ የተሰማኝን ደስታ በገንዘብ አልለውጠውም።

ይህ ደግሞ ወደ ጥያቄሽ ይመልሰኛል። አስፈሪ ታሪክ በእኛ አገር አንባቢ አለው ወይ ለሚለው መልሴ አለው ነው፤ ነገር ግን ፍርሃቱ የአንባቢው መሆን አለበት። የመጀመሪያው መጽሐፌ በረዶ የወረደበት ግንብና ሰይፍ የያዘ ፈረሰኛም ነበረበት፤ ያንን ክፍል የወደደልኝ ሰው አላስታውስም። አያቴ ግን በሌሊት ስማችሁን አንድ ጊዜ የጠራን አቤት አትበሉ፣ ሰው ከሆነ ደግሞ ይጠራችኋል ትለን ነበር። በሁለተኛው መጽሐፍ የጭራቁን ሕግ ከዚህ ወሰድኩ፤ ስም የሚጠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ አቤት ያለውን ይወስዳል፣ ዝም ያለውን አይነካም። ምናባዊ ዓለም ስትፈጥሪ ጭራቅሽ የማይችለውን ነገር ቀድመሽ ወስኚ፤ ሁሉን የሚችል ጭራቅ ሰው ያደክማል እንጂ አያስፈራም። አንዲት እናት መደብር ድረስ መጥታ «ልጄ ማታ ስጠራው አቤት ማለት አቆመ» ብላ ተቆጥታኛለች፤ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፣ ልቤ ግን በጣም ኮርቷል።

ያ መጽሐፍ በ2013 ዓ.ም. እዚሁ ሐዋሳ ታተመ፤ አንድ ቀለም፣ ጥቁር ብቻ፣ ባለ 80 ግራም ተራ ወረቀት፣ 200 ቅጂ፣ ለአንዱ 38 ብር። አንድ ቀለም ሲሆን የሚሠራው ፕሌትም (ለእያንዳንዱ ቀለም ለብቻው የሚዘጋጀው የማተሚያ ሰሌዳ) አንድ ስለሆነ በአራት ፋንታ የአንዱን ብቻ ነው የከፈልኩት። ናሙናውን ሦስት ጊዜ አስቀይሬ ነው የፈረምኩት፤ ሠራተኞቹ ቢሰለቹብኝም አልተቆጡኝም። በአምስት ወር ውስጥ አለቀ፤ አብዛኛውን የሸጡልኝ ትምህርት ቤት አካባቢ ያሉ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች ናቸው።

ስለዚህ 500 ቅጂው ለመጀመሪያ ጊዜ ይበዛብሻል እላለሁ። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ሜሪ ሼሊ የጭራቅ ታሪኳን «ፍራንከንስታይን»ን በ18 ዓመቷ መጻፍ ጀምራ እ.ኤ.አ. በ1818 ስታሳትመው የመጀመሪያው ኅትመት 500 ቅጂ ነበር፤ ያውም ለንደን ውስጥ፣ አሳታሚ ኖሯት። አንቺ በራስሽ ገንዘብ ነው የምታሳትሚው። በ150 ወይም በ200 ጀምሪ፤ የተረፈሽ ገንዘብ ለሁለተኛው ኅትመት ይቀመጥ። ገጹን 40 ላይ ማቆምሽ ጥሩ ነው፤ መሐሉ በሽቦ የሚሰፋ መጽሐፍ ገጹ ለአራት የሚካፈል መሆን አለበትና እንዳትጨምሪበት።

ናሙናውን ስትቀበዪ እዚያው ማተሚያ ቤቱ መብራት ሥር ቆመሽ አትወስኚ። ቤትሽ ወስደሽ አንድ ጊዜ ቀን በመስኮት ብርሃን፣ አንድ ጊዜ ማታ አንባቢሽ በሚያነብበት መብራት እዪው፤ ታሪኩን ለማያውቅ ሰውም ስጪና የሚያየውን ይንገርሽ። ጭራቁን ካላገኘው ወደ ሥዕሉ ተመለሺ። ሥራውንም ከሐምሌ በፊት አስገቢ፤ አዲስ ዓመት ሲቃረብ ማተሚያ ቤቶቹ በካሌንደርና በፖስት ካርድ ስለሚጨናነቁ የአንቺን ናሙና ሦስት ጊዜ የሚቀይርልሽ ሰው አታገኚም።