ጊታሩ ለጓደኛህ ከሆነ ከእንጨቱ በፊት ልኩን አስብ

ወንድሜ፣ «ለጓደኛዬ ኤሌክትሪክ ጊታር በእጄ ልሠራለት ነው፤ የቱን እንጨት ልግዛ?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔም ለጓደኛዬ አንድ ሠርቻለሁ፤ ያኔ እኔንም መጀመሪያ ያስጨነቀኝ የእንጨቱ ነገር ነበር። አሁን በደንብ የደረቀና የማይከብድ ከሆነ ይበቃል ባይ ነኝ። ፒክአፑ፣ ማለትም የክሩን እንቅስቃሴ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ባለ ማግኔት ዕቃ፣ የሚሰማው ከማግኔቱ በላይ የሚርገበገበውን የብረት ክር ነው። እርጥብ እንጨት ግን ውሎ አድሮ ይጣመማል። እሱ ላይ አትደራደር።

እንጨት ከመግዛትህ በፊት ጓደኛህ አሁን የሚጫወትበትን ጊታር ተዋሰው። የአንገቱን ስፋትና ውፍረት ለካ፤ እጁ የለመደው እሱን ነው። አንገቱን ግን ለመጀመሪያ ጊዜህ ስለሆነ ተሠርቶ ያለቀ ግዛ፤ የፍሬቶቹ፣ ማለትም አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች፣ ልክ ስህተት አይችልም። የክሩ ርዝመት 648 ሚሊሜትር ከሆነ የመጀመሪያው ፍሬት ከላይኛው የክር ማረፊያ 36.4 ሚሊሜትር ርቆ ይቀመጣል። የሚቀጥለውን ለማግኘት የቀረውን ርዝመት ለ17.817 ታካፍላለህ፤ እንደዚያ እያልክ እስከ መጨረሻው። ግማሽ ሚሊሜትር ብትስት ጆሮ ያውቃታል።

ዋናው ጣጣ ብሪጁ ነው፤ የጊታሩ አካል ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ብረት ማለቴ ነው። እኔ የብሪጁን ርቀት የለካሁት ከክር ማረፊያው አልነበረም፤ ከሱ 8 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ካለው የእንጨት ጠርዝ ነበር። ክር አስሬ ስቃኘው ጣት ያላረፈበት ባዶው ክር ልክ ነው። 12ኛው ፍሬት ላይ ስይዘው ግን ድምፁ ከሚገባው በላይ ይቀጥናል። ብሪጁ ላይ ያሉትን የክር መደገፊያዎች እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ብስባቸውም አልደረሱልኝም። በጣም ነው ያዘንኩት። ብሪጁ የታሰረባቸውን ቀዳዳዎች በጠንካራ እንጨትና በኮላ ደፍኜ፣ አሳድሬ፣ እንደገና ሰረሰርኩ።

አንተ እንዲህ አድርግ። ከክር ማረፊያው እስከ 12ኛው ፍሬት ለካና እጥፍ አድርገው። የቀጭኗን ክር መደገፊያ ወደ ፊት ሳበው፤ ብሪጁን እሱ እዚያ ልኬት ላይ እንዲውል አስቀምጠው። ወፍራሞቹ ክሮች ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ስለሚፈልጉ ቦታ ይተርፍሃል። ከዚያ በአንገቱ ግራና ቀኝ ጠርዝ ሁለት ክር እስከ ብሪጁ ወጥር። ሁለቱም በየጎናቸው ካለው የፍሬቶቹ ጫፍ እኩል መራቃቸውን ሳታይ መሰርሰሪያ አታንሳ።

ሽቦው ብዙም አያስቸግርም። ብቻ ከብሪጁ ስር ወደ ቮሊዩም ማስተካከያው ጀርባ የምትሄደውን ቀጭን ሽቦ እንዳትረሳ፤ ያለ እሷ ጊታሩ እዝዝ ማለቱን አይተውም። የምታልፍበትን ቀዳዳ ብሪጁን ከማሰርህ በፊት ብሳው።

ቀለም ለመቀባት አትቸኩል። እንጨቱ ገና ራቁቱን እያለ ሁሉንም ገጣጥመህ ለጓደኛህ ስጠው፣ ጥቂት ቀን ይጫወትበት። የኔው ሦስት ቀን ተጫውቶ «ክንዴን እዚህ ጋ ይቆርጠኛል» አለኝ። የላይኛውን ጠርዝ በእርሳስ ምልክት አደረግኩበት። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ፋቅ አደርግና አቅፎ ይሞክረዋል፣ ደግሞ ፋቅ አደርጋለሁ፣ «አሁን በቃ» እስኪለኝ ድረስ። ቫርኒሹን የቀባሁት ከዚያ በኋላ ነው።