አያትህ የሞላው ለውጅግራ ነው፣ ያንተ ግን ቤልጅግ ነው

አራት ኪሎ የሚኖር አንድ አንባቢ እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ ከአያቴ የወረስኩት ፈቃድ ያለው ቤልጅግ ጠመንጃ አለኝ። መርሐቤቴ አባቴ ቤት ነው የተቀመጠው። ቆቅና ጅግራ ላድንበት ፈልጌ ነበር፣ ጥይቱ ግን ላባ ብቻ ነው የሚያስተርፍልኝ። አያቴ ድሮ እርሳስ እያቀለጠ ቀለህ ይሞላ ነበር ይባላል። እኔም አረሩን ነቅዬ፣ ባሩዱን ወደ ግማሽ ቀንሼ፣ ከመኪና ባትሪ ያቀለጥኩትን እርሳስ ገጠምኩበት። አንዱን ተኮስኩ። ፉስ ብሎ ቀረ። ዒላማው ላይም ቀዳዳ የለም። ባሩዱን ስንት ላድርገው?»

ባሩዱን ለጊዜው ተወው። ወንድሜ፣ ያ ጠመንጃ ሌላ ጥይት እንዳይጎርስ። ለአባትህ አሁኑኑ ደውልና ማንም እንዳይነካው ንገራቸው። ፉስ ብሎ ዒላማው ላይ ምንም ከሌለ፣ እርሳሱ ቱቦው ውስጥ ተቀርቅሮ የቀረ ይመስለኛል። ቀጣዩ ጥይት ከኋላ መጥቶ እዚያ ላይ ሲደርስ መሄጃ ያጣል። ከባሩዱ የሚወጣው ጋዝ ግን መሄጃ አጣሁ ብሎ አይቆምም። ቱቦውን ያሳብጠዋል፣ ወይ ይሰነጥቀዋል፣ ሲብስ ደግሞ ወደ ፊትህ ይመለሳል።

እኔ ጡረታ እስክወጣ የሠራዊቱ መሣሪያ ጥገና ክፍል ውስጥ ነበርኩ፣ አሁን ተክለሃይማኖት አካባቢ ቶርኖ ላይ ነኝ። ያኔ ጠረጴዛዬ ላይ የመጣ አንድ ጠመንጃ ትዝ ይለኛል። ከሩቅ ስታየው ምንም የለበትም። ጣትህን ቱቦው ላይ ስታሳልፍ ግን መሃል አካባቢ ቀለበት ያጠለቀ ይመስል አብጧል። ሰውዬው «ትንሽ ረገጠኝ እንጂ ደህና ነው» ይለኛል! ዕድሉን አላወቀውም። ያ ቱቦ ብረት ተራ ነው የሄደው።

እንዲህ አድርገህ ታያለህ። አፈሙዙ ሰውም ቤትም ወደሌለበት ይዙር። ካዝናውን ባዶ አድርግ፣ መቀባበያውን ከነአካሉ አውጣው። ከዚያ ከኋላ በኩል ወደ ብርሃን አሻግረህ ተመልከት። ክብ ብርሃን ካየህ ተመስገን በል። ከጨለመብህ እርሳሱ እዚያው ነው። በብረት ዘንግ እንዳትደበድበው፣ ቱቦው ውስጥ የተቀረጸው ጠመዝማዛ ቦይ ይበላሻል። ተኩሼ አስወጣዋለሁ የሚለውንማ አታስበው። የመጠገን ፈቃድ ያለው ሰው ዘይት አፍስሶ፣ በነሐስ ዘንግ፣ ቀስ እያለ ገፍቶ ያወጣዋል። እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ ብዙ አያስቸግርም። ለወደፊቱም ጥይት ደከም ያለ ድምፅ ካሰማ ወይም ጭራሽ ካልተኮሰ፣ አፈሙዙን ሳታዞር ሠላሳ ሰከንድ ጠብቅ። ዘግይቶ የሚፈነዳ አለ።

አሁን ወደ አያትህ እንምጣ፣ ምክንያቱም የተሳሳትከው እዚህ ላይ ነው። ሰውየው እውነት ቀለህ ሞልተው ከሆነ የሞሉት ለውጅግራ ነው ብዬ እገምታለሁ። ውጅግራ ማለት ፈረንሳዮች በ1874 በነሱ አቆጣጠር ያወጡት ግራ የሚባለው ጠመንጃ ነው፣ «ፉዚ ግራ» ሲሉ እኛ ውጅግራ አልነው። አፉ 11 ሚሊሜትር ነው። ከመጀመሪያውም የሚተፋው እርሳስ ነው፣ 25 ግራም የሚመዝን፣ በሰከንድ ወደ 450 ሜትር የሚሄድ። ባሩዱ ጥቁሩ ባሩድ ነው። ጥቁር ባሩድ ቀለሁን ሞልቶት ይቀመጣል፣ ከዘመናዊው ጋር ሲነጻጸር የሚፈጥረው ግፊትም ገር ነው። እርሳስ ማቅለጥና ቀለህ መሙላት ለእንደዚያ ዓይነት ጠመንጃ የተፈጥሮ ነገር ነው።

ቤልጅግ ሌላ ዘር ነው። የቤልጅየሙ ኤፍ ኤን ፋብሪካ የሠራው ማውዘር የሚባል ጠመንጃ ነው፣ ጥይቱ 7.92 ሚሊሜትር። የዚህ ጥይት የግፊት ጣሪያ 3,900 ባር ነው። የታክሲ ጎማ 2 ወይም 3 ባር ነው የምንነፋው፣ እንግዲህ አንተው አስበው። አረሩ መዳብ ለበስ ነው፣ 10 ግራም ገደማ፣ በሰከንድ ወደ 880 ሜትር ይበራል። ባሩዱም ጭስ አልባ ሆኖ፣ በዚያ ክብደትና በዚያ ግፊት ቀስ ብሎ እንዲቃጠል ተደርጎ የተሠራ ነው።

ያንን ዝግተኛ ባሩድ ግማሹን አፍስሰህ ግማሹን ስትተው የጥይቱ ጉልበት ግማሽ የሚሆን ይመስልሃል። አይሆንም። ቀለሁ ውስጥ ባዶ ቦታ ተፈጥሯል፣ ባሩዱ ጎኑ ላይ ተኝቷል፣ አንዴ ወደ ፊት ይንሸራተታል አንዴ ወደ ኋላ። ግፊቱ ካልተነሳ በደንብ አይቃጠልም፣ ያንተው ፉስ ያለው ለዚህ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፦ አረሩ ትንሽ ገፋ ብሎ ቱቦው መግቢያ ላይ ይቆማል፣ ከኋላው ባሩዱ በአንዴ ይነሳና ጠመንጃውን ይበታትነዋል። ሊቃውንቱ በዝርዝሩ ይከራከራሉ፣ በዝግተኛ ባሩድ ጉድለት ምክንያት የፈነዱ ጠመንጃዎች ግን አሉ። ባሩድ ማነስ ሁልጊዜ አደጋ መቀነስ አይደለም ስልህ ለማስፈራራት አይደለም።

«ፈረንጆቹ ግን ይሠሩታል» ትለኝ ይሆናል። አዎ፣ በተለይ አሜሪካ ውስጥ የቆየ ልማድ ነው፣ ለትናንሽ አውሬ የሚሆን ቀለል ያለ የእርሳስ ጥይት ቤታቸው ይሞላሉ። ግን ባሩዱን ቀይረው ነው። ለሽጉጥ ወይም ለፍንጣሪ ጠመንጃ (ጥቃቅን እርሳስ በአንዴ ለሚበትነው) የተሠራ ፈጣን ባሩድ፣ በሚዛን ተለክቶ፣ ላቦራቶሪ ከፈተነው ሰንጠረዥ ላይ። እርሳሱም ባዶ እርሳስ አይደለም። የታወቀ አንድ ድብልቅ አለ፣ 90 እጅ እርሳስ፣ 5 እጅ ቲን፣ 5 እጅ አንቲሞኒ። አረሩ ከቱቦው ቦይ ከሁለት እስከ አምስት መቶኛ ሚሊሜትር ወፈር እንዲል ይደረጋል፣ ጋዙ በጎኑ እንዳያመልጥ። ሰም ይቀባል። ቂጡ ላይ ጋዙ እንዳያቀልጠው ትንሽ የመዳብ ቆብ ይገጠምለታል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ፍጥነቱ ብዙ ጊዜ በሰከንድ ከ400 እስከ 550 ሜትር ነው፣ ከዚያ ካለፈ እርሳሱ ቱቦው ውስጥ እየተላጠ ይቀራል። ፈጣን ባሩድ ደግሞ የራሱ ተንኮል አለው። ትንሽ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ብትጨምርበት እንኳን ቀለሁ አይሞላም፣ ዓይንህ ላያየው ይችላል። አንተ ጋ ያ ባሩድ የለም፣ ሚዛኑ የለም፣ ሰንጠረዡ የለም። ታዲያ ከጥይት ያወጣኸውን ስሙን የማታውቀውን ባሩድ ስንት አድርገው ልበልህ? ቁጥር አልሰጥህም።

የባትሪውን እርሳስ ከምናለሽ ተራ ነው መቼም ያመጣኸው። የት ነው ያቀለጥከው፣ ግቢ ውስጥ ከሰል ምድጃ ላይ? እርሳስ 327 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ጠብታ ውሃ ከገባበት ፈንድቶ ይረጫል። የባትሪ ሳህን ውስጥ ከእርሳሱ ሌላ አሲድ አለ፣ አንቲሞኒ አለ፣ አርሴኒክም ሊኖር ይችላል፣ አመዱ እርጥበት ሲያገኝ የሚያወጣው ጋዝ መርዝ ነው። አቧራው ደግሞ የልጅ አእምሮ ይጎዳል፣ ይሄን ያህል አይጎዳም የሚባል መጠን የለውም። ምድጃውን ምግብ እንዳትሠሩበት። የቀለጠበትን ቦታ በደረቁ አትጥረገው፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልውለው፣ ጨርቁንም ጣለው።

ሕጉን በአጭሩ። ጠመንጃ የመያዝ ፈቃድ ጥይት የመሥራት ፈቃድ አይደለም፣ አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን አንብበው። አደኑም ለብቻው የዱር እንስሳት ባለሥልጣን ፈቃድ ይፈልጋል፣ እሱ አዋጅ 541/1999 ነው። በተለይ አንተ የጀማ ሸለቆ ሰው ነህ። እዚያ ገደል ውስጥ የሃርዉድ ቆቅ የምትባል አለች፣ ከኢትዮጵያ ውጪ በዓለም ላይ የትም የለችም፣ ቁጥሯም ትንሽ ነው። ከሌላው ቆቅ ለይተህ የማታውቃት ከሆነ ባትተኩስ ይሻላል።

ፈቃዱ ከተገኘ ደግሞ ለወፍ የሚሆነው ፍንጣሪ የሚተፋ ባለ ሁለት አፍ የአደን ጠመንጃ ነው፣ ወይም ሃያ ሁለት የምትባለው ትንሿ ጠመንጃ። የሃያ ሁለቷ ጥይት ጉልበት 140 ጁል ገደማ ነው። የቤልጅግህ ወደ 3,800። ቆቅ በቤልጅግ መምታት ዝንብን በመዶሻ ነው፣ በዚያ ላይ ከሳትካት አረሩ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል፣ ከሸለቆው ማዶ ደግሞ እረኛ አለ።

የቀሩትን ራስህ የሞላሃቸውን ጥይቶች አትተኩስ፣ እሳት ውስጥም እንዳትጥላቸው፣ ለፖሊስ አስረክብ። ጤነኞቹን የፋብሪካ ጥይቶች ግን አንድ ነገር አድርግልኝ። የቀለሁን ቂጥ አጉልተህ ፎቶ አንሳና ላክልኝ፣ ብዙ ጊዜ የተሠራበት ዓመት እዚያ ላይ ተመትቷል። የድሮ የጦር ጥይት ከሆነ ቂጡ ላይ ያለው ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ነገር ጨው ትቶ ቱቦውን ያዝገዋል፣ ዘይት ብቻውን አያነሳውም። እርሳሱ ከወጣ በኋላ መጀመሪያ በሙቅ ውሃ ይታጠባል፣ በደንብ ይደርቃል፣ ከዚያ ነው ዘይት የሚቀባው።