መልስ፦ ታብሌቱን ልንጠቃት ወይስ ልተዋት?

ልጅሽ 7 ዓመቷ እንደሆነና ታብሌቱን ጨርሰሽ ልትነጥቂያት እንዳሰብሽ ጽፈሻል። እኔ ብሆን አልነጥቃትም። ብትነጥቂያት ተደብቃ ማየት ትጀምራለች፤ ያኔ የሚያስፈራ ነገር ቢገጥማት እንኳ አትነግርሽም። መጥታ ስትነግርሽ ደግሞ አትቆጫት፤ አንዴ ከተቆጣሻት ሁለተኛ አትመጣም።

ታብሌቱ ሳሎን ይቀመጥ፣ መኝታ ቤት አይግባ። ዩቲዩብ ኪድስ (ለልጆች የተሠራው ዩቲዩብ) ሴቲንግ ውስጥ ራስሽ የፈቀድሽላትን ቪዲዮ ብቻ እንዲያሳይ ማድረግ ትችያለሽ፤ ያኔ መፈለጊያውም ይጠፋል። ቪዲዮዎቹን አንድ በአንድ መምረጥ ያሰለቻል፣ አልዋሽሽም። ጌም ከተጫወተች ቻቱን፣ ማለትም ተጫዋቾቹ እርስ በርስ የሚጻጻፉበትን፣ ዝጊው። እኔን ከቪዲዮው ይልቅ የሚያሰጋኝ እሱ ነው፤ ትልቅ ሰው "እኔም 8 ዓመቴ ነው" ብሎ ሊገባ ይችላል።

ትምህርት ቤቱን ደግሞ ልጆቹ በሚጠቀሙበት መተግበሪያ የማያውቁት ሰው መልእክት ሊልክላቸው ይችል እንደሆነ ጠይቂ። ፎቶዋንም ከነሙሉ ስሟ እንዳይለጥፉ ንገሪያቸው።